ከበግ ጋር የሚጠጣ ወይን

ባለፈው ሳምንት ጋዜጣ ላይ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ሰው ሜክሲኮ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ካለ ምግብ ቤት እራት ጋበዘኝ። እኔ ጡረታ ስወጣ ገና ጽሑፍ የሚያርም ልጅ ነበር፤ ዛሬ አዘጋጅ ሆኗል። «ጋሼ፣ ዛሬ ቢራ የለም፤ ወይን ነው የምንጠጣው» አለና አስተናጋጁን ጠራው። አስተናጋጁ የስፔን ቀይ ወይን አምጥቶ ቡሹን መዘዘ፣ ከብርጭቆዬ ግርጌ ጥቂት አፈሰሰልኝና «ይቅመሱት» ብሎ ቆመ። ቀመስኩት። ደረቅ ነው፤ ምላስን ጭምድድ ያደርጋል፤ ከኋላው ዝናብ የነካው የእንጨት ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት ሽታ አለው። ጋባዤ ምን እንብላ ብሎ ሲያማክረው አስተናጋጁ «ለዚህ የሚስማማው በግ ነው» አለ። እኔ ይህን ምክር ከአርባ ዓመት በፊት ሰምቼዋለሁ። ያን ጊዜ የሰማሁት ከመርከበኛ አፍ ነው፤ ምክሩ የመጣበት ጠርሙስም አንድ ቤተሰብ ሊያፈርስ ምንም አልቀረውም ነበር።

ያን ጊዜ ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ፣ ግድግዳ ለግድግዳ ከተያያዙ የቀበሌ ቤቶች በአንዱ እኖር ነበር። ዓመቱን ጻፍ ብትሉኝ ከሁለት ዓመታት አንዱን መምረጥ ይኖርብኛል፤ እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ስለማልጽፍ እተወዋለሁ። ሌላውን ግን አስታውሳለሁ። አውቶቡስ በአሥራ አምስት ሳንቲም ፒያሳ ያደርስ ነበር። ከፍርድ ቤቱ በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊዎች በጥቁር ጃንጥላ ሥር ተቀምጠው፣ የጽሕፈት መኪናቸውን ሣጥን ላይ አድርገው፣ በፊት «ክቡር» ብለው ይጀምሩት የነበረውን ሁሉ «ጓድ» ብለው ሲጀምሩ ይውላሉ። የቤልቦተም ጊዜ እያለፈ ስለነበር ተክለ ሃይማኖት ያሉ ልብስ ሰፊዎች ትናንት ራሳቸው ያሰፉትን ሱሪ ዛሬ ለማጥበብ እንደገና ያስከፍላሉ። ሻይ ቤታችን ቦምቦሊኖው ከጠዋቱ ያልቅበታል፤ ካሴቱ ግን ቀኑን ሙሉ ስለ ፍቅር ዝቅ ባለ ድምፅ ያንጎራጉራል። ከቀበሌው ጣሪያ ላይ ደግሞ ድምፅ ማጉያው ማርሽ ይለቃል። ሁለቱ በጆሮዬ ተቀላቅለው ስለቀሩ ዛሬም አንዱን ስሰማ ሌላው ይከተላል። ሠፈሩ ራሱ የለም። ፈርሶ ኮንዶሚኒየም በቅሎበታል። ባለፈው በዚያ ሳልፍ የሻይ ቤቱን ቦታ ለማግኘት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ተነሥቼ በእርምጃ ብለካውም አልሆነልኝም።

የግድግዳ ጎረቤቶቼ ጋሽ ሽፈራውና ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ነበሩ። ጋሽ ሽፈራው የፍርድ ቤት ሬጅስትራር ናቸው፤ ቅዳሜ ሳይቀር ከረባት ያስራሉ፤ አንድ ግራጫ ሙሉ ልብስ ነበራቸው፣ ክርኑ ላይ እንደ ብረት ምጣድ የሚያብረቀርቅ። እኔ ወንደላጤ ስለነበርኩ እራቴን እነሱ ዘንድ እበላ ነበር። ልጅ አልወለዱም። ያሳደጉት የእትዬ አስካለን የሟች እህት ልጅ ዳንኤልን ነው። ልጁ ጎበዝ ወጥ ቀማሽ ነበር፤ ከእግራቸው ሥር ከማጀት አይጠፋም ይባል ነበር። አድጎ መርከበኛ ሆነ። በዚያን ዘመን ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ሁሉ ዋስ ይጠራል፤ ልጁ ቢጠፋ የሚጠየቀው ዋሱ ነው። ለዳንኤል ዋስ ሆነው የፈረሙት ጋሽ ሽፈራው ናቸው።

ዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰ መርከበኛ በመንደሩ መሐል ቦርሳውን አንጠልጥሎ መጣ። ሰው ሁሉ አይቶታል። እቤት ገብቶ ቆሞ ነው የተናገረው፤ ቁጭ በል ቢሉትም እምቢ አለ። «ዳንኤል ደህና ነው። ስፔን አገር ወደብ ላይ ወርዶ ቀርቷል። አይመጣም።» ከቦርሳው ውስጥ ጠርሙስ አወጣ። በቀጭን ወርቃማ ሽቦ መረብ የተሸፈነ፣ ማናችንም ልናነበው የማንችለው ጽሑፍ ያለበት ቀይ ወይን ነው። «ለእትዬ ስጥልኝ፣ የሚጠጣውም ከበግ ጋር ነው በልልኝ ብሎኛል።» ይህን ብሎ ሄደ። እትዬ አስካለ ጠርሙሱን እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆመው ቀሩ። ጋሽ ሽፈራው ከረባታቸውን ፈቱ፤ በቀን ሲፈቱት ያየሁት ያን ዕለት ብቻ ነው።

«አሁን ይጠሩኛል» አሉ። «የመርከቡ አለቃ ማሳወቁ አይቀርም። መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ከጠፋ ወዲህ የላከው ነገር አለ ወይ ብለው ነው። አለ ካልኩ፣ ተነጋግረህ ነው ያስኮበለልከው ይሉኛል። የለም ካልኩና ይህ ከተገኘ ደግሞ መዋሸት ተጨመረ።»

«ታዲያ ልድፋው?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ድፊውና ስብሪው።»

«ልጄ የላከውን?»

አልደፉትም። ከአልጋ ሥር፣ ከጤፉ ጆንያ ጀርባ አስቀመጡት። ነገሩ ተደብቆ ይቀር ነበር፤ ግን በሳምንቱ በቀበሌው ሱቅ የስኳር ሰልፍ ላይ የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ታዬ እትዬ አስካለን በሰው ፊት «እንግዳ መጥቶላችሁ ነበር አሉ» አላቸው። ጓድ ታዬ ከአብዮቱ በፊት ተክለ ሃይማኖት ጫማ ይሸጥ ነበር፤ ካኪ ኮቱን ሲለብስ ትከሻው ቀጥ ይላል፤ ዓይኑ ግን አሁንም ሰው ሲያይ ከእግር ነው የሚጀምረው። ክፉ ነበር ብዬ ልጽፍ አልችልም፤ ደግ ነበር ለማለትም ማስረጃ የለኝም። እትዬ አስካለ ሳያስቡት «አዎ፣ የልጄ የሥራ ባልደረባ ነው። ወይን አምጥቶልን ለግንቦት ልደታ ልንከፍተው ነው፤ እርስዎም ጠሪ አያስፈልግዎትም» ብለው መለሱ። እቤት ገብተው ሲናገሩ ጋሽ ሽፈራው ጠርሙሱን ከጆንያው ጀርባ አውጥተው አገላብጠው አዩት። በመጨረሻ «ይሁን» አሉ። «ሰው ሁሉ የጠጣው ነገር ምሥጢር አይባልም። አብሮ የጠጣ ሰው ደግሞ ነገ ቢከስስ ራሱንም ይከስሳል።» እኔ ይህን ያህል አላመንኩበትም፤ የተሻለ ሐሳብ ግን አልነበረኝም።

ለማያውቅ ልንገረው፤ በግንቦት ልደታ ጎረቤት ሁሉ ያለውን ይዞ ደጅ ይወጣል። ንፍሮው ደጅ ይቀቀላል፣ ዳቦው ደጅ ይቆረሳል፣ የተረፈውም እዚያው ያልቃል እንጂ ወደ ቤት አይመለስም። የዚያን ጊዜ መንግሥት ሃይማኖት ባይወድም ይህን ማስቀረት ያቃተው ይመስለኛል። ያን ዓመት ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ከመንደሩ ዋርካ ሥር ተሰበሰብን። ንፍሮው ሚጥሚጣ ተነስንሶበት ዞረ። እትዬ አስካለ የበግ ሥጋ በሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል ጠብሰው፣ በርበሬ ሳያስነኩ፣ በክዳን ሸፍነው ፍሙ ዳር አስቀምጠዋል። ጓድ ታዬ መጥቶ ከፍ ያለው በርጩማ ላይ ተቀመጠ።

የቡሽ መክፈቻ አልነበረንም። ቡሹ ላይ ብሎን አስገብቼ በፒንሳ ሳብኩት። ጋሽ ሽፈራው ጠርሙሱን ተቀብለው፣ ለማክበር ብለው፣ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞልተው በሁለት እጃቸው ለጓድ ታዬ ሰጡ። ስሕተቱ የተፈጸመው እዚህ ላይ ነው። ጠጅ ቢሆን ኖሮ ማንም አይሳሳትም ነበር፤ የሚያሳልፈው ሰው መጀመሪያ በመዳፉ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፣ ከዚያ ነው ለእንግዳ የሚሰጠው። መርዝ የለበትም ለማለት መሆኑንም ሁሉም ያውቃል። ያን ዕለት ግን የእንግዳ አገር ጠርሙስ ፊት ስንቆም ደንቡ ከሁላችንም ጠፋ።

ጓድ ታዬ አፉ ገና በሚጥሚጣ እየነደደ ተጎነጨው። ፊቱ ተኮማተረ። ብርጭቆውን ከአፉ አራቀና አየው፤ ከዚያ የጋሽ ሽፈራውን ባዶ እጅ አየ። «ይሄ ነገር ተበላሽቷል» አለ። ጋሽ ሽፈራው የነቁት ያኔ ነው፤ ከጠርሙሱ መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ጠጡ።

«ይሄ መቅደም ነበረበት» አለ ጓድ ታዬ።

አንዲት ልጅ ያንጠለጠለች ጎረቤት ልጇን ይዛ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ አየሁ። እኔ በሥራዬ ምክንያት አንድ ሁለት ጊዜ የውጭ ልዑካን ግብዣ ላይ እንዲህ ያለ ወይን ቀምሼ ስለነበር «ጓድ ሊቀመንበር፣ አልተበላሸም፤ ጠባዩ ነው። የኛውን ጣፋጩን ለምደን ነው» አልኩ።

«አንተ የት ጠጣኸው?»

«ሥራ ላይ ነው ጓድ።»

«ሥራችሁ መጠጣት ነው እንዴ?»

«እሱማ ሲጽፉት ያስታውቃል» አሉ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት፤ ሰው ሳቀ። ጓድ ታዬ ግን አልሳቀም። ያኔ እትዬ አስካለ ክዳኑን አንሥተው፣ ሥጋ በዳቦ ጠቅልለው፣ እጃቸውን ወደ አፉ ዘረጉ። «ከንፍሮና ከሚጥሚጣ ጋር አልስማማ ብሎ ነው። ይችን ይጉረሱና ደግመው ይቅመሱት፤ ካልጣመዎት እኔ እጨርሰዋለሁ።» የእናትን እጅ መመለስ ነውር ነው፣ ለሊቀመንበርም ቢሆን። ጎረሰ፤ አኘከ፤ ብርጭቆውን አነሣ። እኛም ሁላችን ጥቂት ጥቂት የተቀዳልንን ይዘን ከእሱ ጋር ጎረስንና ጠጣን። የበጉ ጮማ አፍ ውስጥ ሲቀር ያ ምላስ የሚጨመድደው ነገር ለዘብ ይላል፤ ኮምጣጤ የመሰለው ፍሬ ፍሬ ይላል። በግብዣዎቹ ላይ ቆሜ ከኩኪስ ጋር በጠጣሁ ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ጓድ ታዬ ምንም ሳይል ብርጭቆውን እንደገና ዘረጋ።

ሰው ወሬውን ቀጠለ። እኔ አጠገባቸው ስለነበርኩ የሚቀጥለውን ሰማሁት። ጓድ ታዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ልጁስ፣ ደህና ነው?» አለ።

«ደህና ነው» አሉ እትዬ አስካለ።

«ይመጣል?»

ጋሽ ሽፈራው ጣልቃ ገቡ። «የመርከብ ነገር ነው። ባሕሩ እንደፈቀደ ነው።»

ጓድ ታዬ ራሱን ነቀነቀ። የመጨረሻዋን ጠብታ ለራሱ ቀዳ። ሲነሣ ባዶውን ጠርሙስ አንሥቶ ኮቱ ውስጥ ከተተው። «ይሄ እናንተ ዘንድ አይቀመጥ» አለ። «ቆራሊዮ ይገዛዋል፤ ቆራሊዮ ደግሞ አፍ አለው።» ደህና አምሹ ብሎ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት የበላናቸው እራቶች በሕይወቴ ካየኋቸው ሁሉ ጸጥ ያሉት ይመስሉኛል። ጠርሙሱን የወሰደው ሊጠብቃቸው ነው ወይስ ሊያስመሰክርባቸው? እትዬ አስካለ የመጀመሪያው ነው ይላሉ፤ ጋሽ ሽፈራው ሁለተኛው ነው ይላሉ፤ በማግሥቱ ይለዋወጣሉ። ሄዶ መጠየቅ አይቻልም፤ መጠየቁ ራሱ መልስ ነው። በሰልፍ ላይ ሲያገኙት ሰላምታው እንደ ድሮው ነው፤ አይሞቅም አይቀዘቅዝም። ክረምቱ ሊገባ አካባቢ ዋስ በሆኑበት ጉዳይ ለጋሽ ሽፈራው የመጥሪያ ወረቀት መጣ። በማግሥቱ ሊሄዱ፣ በዋዜማው ጋሽ ሽፈራው እኔ ክፍል መጥተው አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ።

«አንተ ሰው ስትጠይቅ ነው የምትውለው» አሉኝ። «አንድ ጠያቂ መልሱን አስቀድሞ እያወቀ ሲጠይቅ በምን ይታወቃል?»

ይህን ጥያቄ ከዚያ በፊት አስቤው አላውቅም፤ ግን መልሱን አውቀው ነበር። «የማያውቀውን የሚጠይቅ ሰው ለመጻፍ ይቸኩላል፤ ዓይኑ ወረቀቱ ላይ ነው። የሚያውቀውን የሚጠይቅ ግን አይጽፍም። ፊትዎን ነው የሚያየው» አልኳቸው።

«ፊቴን» አሉ። ጥቂት ተቀምጠው ሄዱ።

በማግሥቱ ቀኑን ሙሉ አልተመለሱም። እትዬ አስካለ በር ላይ ቆመው ዋሉ፤ እኔም ቢሮ እንደሄድኩ ቶሎ ተመለስኩ። ሊመሽ ሲል በመንደሩ ጫፍ ያ ግራጫ ልብስ ታየ። ቀረብ ብለው፣ ሰላም ሳይሉን፣ «ጎንበስ አለ» አሉ። «መርማሪው፣ የላከው ነገር አለ ወይ አለና እስክሪብቶውን ይዞ ጎንበስ አለ። ምንም የለም አልኩት። ጻፈው።» ስለዚህ ጠርሙሱ እዚያ አልደረሰም ነበር። ምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ጓድ ታዬ ወደ ሌላ ቀበሌ ተዛውሮ ሄደ፣ ሳልጠይቀው። ጋሽ ሽፈራው ግን በነፃ አልተለቀቁም። ከሬጅስትራርነት ዝቅ ብለው መዝገብ ቤት ገቡ። ከዚያ ወዲህ ከልጁ አንዳች ወሬ ቢደርሳቸው ወዲያው እንዲያሳውቁ፣ ካላሳወቁ እንዲታሠሩ አስፈርመዋቸዋል። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት የዳንኤል ስም አልተጠራም። ፎቶግራፉም ከግድግዳው ወርዶ ቦታው ላይ ነጭ አራት ማዕዘን ቀረ።

ዓመት ከምናምን አለፈ። ያ ነጭ ቦታ ከቀሪው ግድግዳ ጋር እየተመሳሰለ መጥቷል። አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ሦስታችን ስንበላ በሩ ተንኳኳ። የማላውቀው ወጣት ነው፤ ትከሻው ላይ የሸራ ቦርሳ አለ።

«እትዬ አስካለን ፈልጌ ነበር።»

«እኔ ነኝ።»

«ከዳንኤል ዘንድ መጣሁ» አለና ቦርሳውን ሊፈታ ጎንበስ አለ።

ጋሽ ሽፈራው የጠቀለሉትን ጉርሻ መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። እትዬ አስካለ ባለቤታቸውን አዩ፤ ከዚያ ቦርሳውን አዩ። «ተሳስተሃል ልጄ» አሉ። «ዳንኤል የሚባል ሰው አናውቅም።»

«ልደታ፣ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ብሎኝ…»

«አናውቅም አልኩህ። ቦርሳህን አትፍታው።»

ወጣቱ ሦስታችንንም ተራ በተራ አየን። የገባው ይመስለኛል። ቦርሳውን መልሶ ትከሻው ላይ አድርጎ ሊወጣ ሲል እትዬ አስካለ «ቆይ» አሉት። «በእራት ሰዓት የመጣ ሰው ሳይበላ አይሄድም። ታጠብና ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ጥብስ ነበር ያን ቀን። ወጣቱ ሁለተኛ ጉርሻውን ውጦ ዓይኑን ከትሪው ሳያነሣ «አንድ ጓደኛዬ እንዲሁ ነው የሚጠብሰው» አለ።

«ወንድ ልጅ?» አሉ እትዬ አስካለ።

«ሥራውም እሱ ነው እትዬ። ምግብ ቤት ነው ያለው።»

ጋሽ ሽፈራው ሳሉ። እትዬ አስካለ አልሰሟቸውም። «ቅቤውን መቼ ነው የሚጨምረው?»

«ሊያወጣ ሲል ነው። ቀድሞ ከገባ ይቃጠላል ይላል።»

«ደግ። ያስተማረው ሰው አለ ማለት ነው።»

«አክስቴ ናት ይላል።»

ሥጋ መርጠው ከፊቱ አኖሩለት። «እንጀራ በሌለበት አገር በምን ይበላዋል ታዲያ?»

«በዳቦ። ከወይን ጋር።»

«በየቀኑ?»

«እዚያ እንደ ውኃ ነው እትዬ። ሁሉም ይጠጣል።»

ወጣቱ በልቶ ጠገበ፤ እጁን ታጠበ፤ ያልተፈታውን ቦርሳውን አነሣ፤ አመስግኖ ደፉን ሊሻገር ሲል እትዬ አስካለ ከተቀመጡበት ሳይነሡ «ወይኑን እንዳያበዛ በለው» አሉት።

ጋሽ ሽፈራው ተነሥተው መስኮቱን ዘጉ።